የቆራቢ ልጆች መሻገሪያ

ነሐሴ በእኛ አገር ጠዋቱና ቀትሩ በደንብ የማይለይበት ወር ነው። ጉሙ ከወንዙ ይነሣና በገብሱ ማሳ ላይ እየተጎተተ ወደ ደጃችን ይወጣል። አጥሩን ያልፋል፤ በሩ ገርበብ ካለ ቤትም ይገባል። በስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ክር በመርፌ ቀዳዳ ሳሾልክ ክሩ በጣቶቼ መካከል እርጥብ ነው። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጥላው፣ በመጨረሻ ፊቱ። አንዳንዱ ፊቱ ሳይመጣ ያልፋል።

የወንዙን ድምፅ ግን ጉም አይሸፍነውም። ጉም ሲወርድ እንዲያውም ይቀርባል፤ ከግድግዳው ማዶ የሚፈስ ይመስላል። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየተረገጠ የሚታለፍ፣ አንዲት በግ ጠጥታ የምትጨርሰው የሚመስል ትንሽ ወንዝ ነው። ክረምት ሲገባ ከጓሳ ተራራ በኩል የሚወርደው ውኃ ሁሉ በእሱ ያልፋል። ቤታችን ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ። ድልድይ የለም። የዘመሮ ገበያ በእኛ በኩል ስለሆነ ለገበያ ወንዝ አንሻገርም፤ ለእግዚአብሔር ግን እንሻገራለን።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የአባቴን አሮጌ ካፖርት ስፌቱን በምላጭ ፈታሁ፤ ቁርጥራጩን መሬት ላይ ዘረጋሁ፤ የትኛው ከየትኛው እንደተገጠመ አይቼ መልሼ ሰፋሁት። አንዱ እጅጌ ወደ ኋላ ዞረ። ደግሜ ፈታሁት። እንዲህ እያልኩ ስለተማርኩ ይመስለኛል ከሰው ቃል ይልቅ ልኬት የማምነው። ነሐሴ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወር ነው። በሰፈራችን ያለ ልጅ ሁሉ በሜትሬ ሥር አልፏል። የማን ትከሻ በዓመት ምን ያህል እንደሰፋ፣ የማን ክንድ ከአምናው እጅጌ እንዳለፈ አውቃለሁ። ሱሪና ቀሚስ ለመቁረጥ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ያለው ቁመት ስለሚያስፈልግ የልጆቹን ጉልበት ሁሉ በደብተር ይዣለሁ።

ከደብተሩ ትንሹ ጉልበት የእህቴ ልጅ ጉልበት ነው። ሃያ ዘጠኝ ሴንቲ።

ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ታላቅ እህቴ፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ልጅቷ ከእናቴና ከእኔ ጋር ትኖራለች። እህቴ በየእሑዱ ትደውላለች። ስልክ የሚሠራው ከቤታችን ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያ ወጥቼ ነው የማናግራት። ስለ ሁሉም ነገር ትጠይቃለች፤ ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ግን ከመዝጋቷ በፊት የምትለው አንድ ነገር ነው።

«ወንድሜ፣ ከውኃ ጠብቅልኝ።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ፤ ጠብቅልኝ።»

እኛ ልጆች ሳለን ከሰፈራችን አንድ ልጅ በዚያው ወንዝ ሄዷል። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ሞተ አይልም፤ ውኃ ወሰደው ነው የሚለው፣ የሆነ ቦታ ያደረሰው ይመስል። እህቴ ያን ዕለት ወንዙ ዳር ነበረች። ምን እንዳየች ተናግራ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። ትልቅ ሰው በዓመት አንዴ እንኳ ለመቀበል የሚፈራውን ቁርባን ልጆች በየቀኑ ይቀበላሉ። ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ይወጣሉ፤ ቅዳሴው የሚያልቀው ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። የቆረበ ልጅ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ፣ ሳይናገርና ሳይተፋ ቤቱ ይደርሳል። ሌላም ሕግ አለ፤ የቆረበ ሰው በዚያ ቀን ወንዝ አይሻገርም፣ እግሩንም ውኃ አያስነካም። ቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ ስለሆንን ግን የጥንት ሰዎች ለዚህ መላ አበጅተዋል። ያልቆረበ ሰው ልጁን አዝሎ ያሻግረዋል። የልጁ እግር ውኃ እስካልነካ ድረስ የተሻገረው ያዘለው ነው እንጂ ልጁ አይደለም ይላሉ።

በዚህ ዓመት የማሻገሩ ሥራ የእኔ ሆነ። ሌላው ሰው አረም ላይ ነው፤ እኔ ቤት ነኝ። አምስት ልጆች ናቸው። ጠዋት እጅ ለእጅ አያይዤ አወስዳቸዋለሁ፤ ያኔ ውኃ ቢነካቸው ችግር የለም። ከቅዳሴ በኋላ በወዲያኛው ዳር ቆመው ይጠብቁኛል፣ እኔም አንድ በአንድ አመጣቸዋለሁ።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ወንዙን ለካሁት። በእኛ በኩል፣ ከመሻገሪያው አጠገብ፣ ግማሽ አካሉ ከውኃ የወጣ ጥቁር ድንጋይ አለ። የመሻገሪያውን ጥልቅ ቦታ በቀጥ ያለ ዘንግ ለካሁና ውኃው እዚያ ሃያ ዘጠኝ ሴንቲ ሲሆን በድንጋዩ ላይ የት እንደሚደርስ አወጣሁ። ከመስኮት የተረፈ ቀይ ቀለም ነበረኝ። በቀጭን ብሩሽ፣ ሳላዛንፍ፣ አንድ መስመር አሰመርኩ።

መሻገሪያው አናት ላይ፣ በወዲያኛው በኩል፣ ደጃቸው ላይ በቅሏቸውን አስረው የሚውሉ ሽማግሌ አሉ። ጎንበስ ብዬ ስቀባ ሲያዩኝ ቆይተው ወረዱ።

«ምን ልታደርገው ነው አንተ ሰፊ?»

«እየለካሁት ነው አባባ።»

«ወንዙን?»

«አዎ።»

«ሱሪ ልትሰፋለት?» በትራቸውን ተደግፈው ወደ ታች፣ ውኃው ወደሚሄድበት አዩ። «ጨርቁን ከየት ታመጣለህ ልጄ? የዚህ እግሩ እስከ ዓባይ ነው።»

ልጆቹ ከጉልበት በላይ ውኃ እንዳይገቡ መሆኑን ነገርኳቸው። አልሳቁም።

«እሱ መልካም። ግን አንተ የምትለካው ያለፈውን ውኃ ነው። የሚመጣው ገና ላይ ነው፤ እዚህ ፀሐይ ሆኖ እዚያ ዘንቦ ይሆናል። ደራሽ ውኃ ከመድረሱ በፊት ሽታው ይመጣል።»

«ምን ምን ይላል?»

«ምን ምን ይላል ይለኛል! ሽተተው እንጂ።»

ማታውን ለልጆቹ ድንጋዩን አሳየኋቸው። ውኃው ቀዩን ከነካ ማንም እግሩን እንዳያስገባ አልኳቸው። ደግመው እንዲነግሩኝ አደረግሁ፤ አምስቱም ያለ ስሕተት ነገሩኝ። ቀዩን ካልነካስ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ስለዚያ ምንም አላልኩም።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት አለፈ። ከነዚያ ቀናት የቀረኝ ጀርባዬ ላይ የነበረው ጸጥታ ነው። የቆረበ ልጅ ስታዝል አያወራም፣ አያጉረመርምም፤ ትንፋሹ በነጠላው አልፎ አንገትህን ያሞቃል። ከእግሬ በታች ውኃው ይናገራል፤ ከትከሻዬ በላይ ዝም ነው። ጉም በወረደ ቀን ሁለቱም ዳር ይጠፋና ከየት ተነሥቼ ወዴት እንደምሄድ ለጥቂት እርምጃ አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ ወፍ ካየች ትከሻዬን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። እኔ ወፉን አላየውም፤ ዓይኔ ድንጋዮቹ ላይ ነው። እንዳየሁ ለማስመሰል ግን ራሴን እነቀንቃለሁ።

በዘጠነኛው ቀን አንድ የዩኒፎርም ሸሚዝ እየጨረስኩ ነበር። ኮሌታውን ገጥሜ ሳየው አንዱ ጫፍ ከሌላው በግማሽ ሴንቲ በለጠ። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ከሩብ። መፍታት ጀመርኩ። ከጓሳ በኩል በወለል ላይ ከባድ ሣጥን የሚጎተት የመሰለ ድምፅ መጣ። ነጎድጓድ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ሩቅ ነው ብዬ ተውኩት። በእኛ ላይ ፀሐይ ነበር፤ በነሐሴ እምብዛም የማይገኝ፣ ከማሳው እንፋሎት የሚያስነሣ ፀሐይ።

እናቴ ከጓሮ ተጣራች። «አልሄድክም እንዴ?»

«ይቺን ኮሌታ ብቻ።»

«ኮሌታ አይርበውም፤ ልጆቹ ናቸው የሚርባቸው።»

«መጣሁ፣ መጣሁ።»

ከቤት ስወጣ ስምንት ከአርባ ነበር። ኮሌታው ተስተካክሏል።

ከቁልቁለቱ አጋማሽ መሻገሪያው ይታያል። በወዲያኛው ዳር ሦስት ልጆች ተደርድረው ቆመዋል፤ ሦስቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ከውኃው መካከል አንድ ረጅም ነገር ቆሟል። ሁለት ራስ አለው። ፀሐዩ ከውኃው ላይ እየተመለሰ ዓይኔን ይወጋኝ ስለነበር ምን እንደማይ አልገባኝም። በሕልም ውስጥ እንደሚሆነው፣ መፍራት እንዳለብኝ ያወቅኩት የምፈራው ነገር ምን እንደሆነ ከማወቄ በፊት ነው።

ከዚያ ተለየልኝ። የቆመችው የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከአምስቱ ትልቋ። ጠዋት አፍንጫዋ ነስሯት ነበር፤ ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ አይቆርብም። ከአምስቱ ውኃ መንካት የምትችለው እሷ ብቻ ሆነች። እኔን ጠበቁኝ፤ አልመጣሁም። ቀዩን አየች፤ ውኃው አልደረሰበትም። ስለዚህ የእኔን ሥራ ራሷ ልትሠራ ገባች። ትንሿን፣ የእህቴን ልጅ፣ ልክ እንደ እኔ አዘለቻት። ልክ እንደ እኔ እግሮቿን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

ያን ጊዜ ሸተተኝ። የታረሰ መሬት ሽታ ነበር፣ ከውስጡ የበግ በረት ሽታ ያለበት። ከላይ በኩል ረጃጅም የጓሳ ሣር እየተንሳፈፈ መጣ፤ ቀጥሎ አረፋ። የውኃው ቀለም ከአንዱ ዳር ጀምሮ ተለወጠ፣ ቡኒው እየሰፋ ሄደ፤ ልጅቷ እግር ሥር ሲደርስ ቆመች። የምትረግጠው ድንጋይ ጠፍቶባታል።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ከዳሩ ገብቼ በአንድ ክንዴ ጥቁሩን ድንጋይ አቀፍኩ። በእኔና በእሷ መካከል አምስት እርምጃ ነበር። ድንጋዩን ብለቅ እኔም እንደምወድቅ ከእግሬ ሥር የሚሸሸው ጠጠር ነገረኝ። ጋቢዬን አውልቄ፣ አንዱን ጫፍ በእጄ ላይ ጠምጥሜ፣ ሌላውን ወረወርኩላት። ጎኗን መትቶ ወደቀ። ስቤ ደግሜ ወረወርኩ፤ ክንዷ ላይ አረፈ።

«ያዢው!»

«በምኔ?» ድምፅዋ ቀጥኗል። «እጄን ይዤበታለሁ!»

«እግሯን ልቀቂና ያዢው!»

«ቆርባለች እኮ!»

ውኃው ጉልበቷን አልፏል። ጋቢው ከክንዷ ተንሸራተተ፤ ሦስተኛ ወረወርኩ። ሽማግሌው ከደጃቸው እየሮጡ ሲወርዱ አየሁ፤ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«አንቺ ልጅ! እግሯን ልቀቂ ተብለሻል!»

ወደ ድምፁ ልትዞር ሞከረች፤ ሰውነቷ ተወላገደ።

«ወደ እኔ አትዙሪ! ፊትሽን ወደሚመጣው! ወደሚመጣው ውኃ! እንዲያ። አሁን ልቀቂና ያዢ! እግዜር ሲቆጣ እኔ አለሁ!»

ለቀቀች። የትንሿ ሁለት እግሮች ውኃው ውስጥ ገቡ፤ ልጅቷም ጋቢውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ግን ጀርባዋ ላይ ያለችው የተንጠለጠለችው አሁን በአንድ ክንዷ ብቻ ነው። ሌላው እጇ ነጠላዋን ይዞ አፏ ላይ ነበር። ዓይኖቿ ከነጠላው በላይ ትልልቅ ሆነው እኔን ያያሉ።

«አንቺ!» አልኳት ትንሿን። «ነጠላውን ጣይና አንገቷን በሁለት እጅሽ እነቂ!»

ራሷን ነቀነቀች። እምቢ። አንድ ድምፅ አላወጣችም።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ጮኼ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን የጮኽኩትን ግን ሁለቱም ዳር ሰምቶታል።

«ኃጢአቱ የእኔ ነው! ጣይው!»

ጣለችው። ነጠላው ውኃው ላይ ሲያርፍ ወዲያው አልሰጠመም። ውኃው ዘረጋው፣ አራቱን ማዕዘን አስተካከለው፣ እንደ ተነጠፈ አንሶላ ይዞት ሄደ። ይህን ለማየት ጊዜ ነበረኝ ብዬ አላምንም፤ ግን አይቼዋለሁ። ከዚያ ክንዶቿ በልጅቷ አንገት ላይ ሲገጥሙ ሳብኩ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ ወደቁ፤ ጋቢው ግን አልተለቀቀም። በወደቁበት ጎተትኳቸው፤ መጀመሪያ ጠጉር፣ ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ ሁለቱንም ያዝኩ።

ሣሩ ላይ ወጥተን፣ ሁለቱም እየሳሉ፣ ዋናው ደራሽ መጣ። ድምፁ የውኃ አይመስልም፤ ከሥሩ ድንጋይ ከድንጋይ ይጋጫል። ምልክቴን ለማየት ዞር አልኩ። ድንጋዩ ራሱ ተውጦ አይታይም ነበር።

የእህቴ ልጅ እግሮቿን ዘርግታ አየቻቸው። «ነካኝ» አለች። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

ትልቋ አላለቀሰችም። ጥርሷ ይንቀጠቀጣል። «ቀዩን አልደረሰም ነበር እኮ» አለችኝ። «አይቻለሁ። በአራት ጣት ይጎድል ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አንተ ነህ ያልከን።»

«አውቃለሁ።»

በወዲያኛው ዳር ሦስቱ ልጆች እንደቆሙ ናቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዱም ነጠላውን ከአፉ አላወረደም። ሽማግሌው እንደ ጠቦት ሰብስበው ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። ውኃው ሲጎድልና እኔ ሄጄ ሳመጣቸው ዐሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ጠግበው፣ ሞቋቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌው በቅሎ ላይ እንዳወጡት እየነገረኝ ተሻገርን።

በማግስቱ ትንሿ ቅዳሴ አልገባም አለች። እግሯን ውኃ ነክቶታል። እጇን ይዤ ከቅዳሴ በፊት ወደ አባ፣ ወደ ነፍስ አባታችን፣ ወሰድኳትና የሆነውን ነገርኳቸው። በመስቀላቸው እጀታ ጢማቸውን እያሹ ሰሙኝ። ከዚያ ጎንበስ አሉላት።

«ሥጋ ወደሙን በምንሽ ነው የተቀበልሽው?»

በጣቷ አፏን አሳየቻቸው።

«በእግርሽ አይደለም?»

ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያስ ምን ሆንሽ? ግቢ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

ሮጣ ገባች። አባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኃጢአቱ የእኔ ነው ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ አባ።»

«ሽማግሌው ነገሩኝ። የተናገሩትን መሸከም ነው።» ቀኖና ሰጡኝ። «ጾሙ እስኪፈታ፣ ልጆቹ ቅዳሴ ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ ከወንዙ ዳር አትለይ። በዚህኛው በኩል፣ በእነሱ በኩል። ስፌትህን ይዘህ ውረድ።»

«መኪናዋን አባ?»

«መርፌ የለህም?»

በዚያው ቀን ጥቁሩን ድንጋይ በሸካራ ድንጋይ ፈቀፈቅሁት። ቀዩ ቀለም ወደ ድንጋዩ ቀዳዳ ገብቶ ስለነበር ብዙ ፈጀ። ትልቋ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች።

«ታዲያ አሁን በምን እናውቃለን?»

«አናውቅም።»

መልሱ ደስ አላላትም። እኔንም ደስ አላለኝም።

እሑድ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሰዓቱ ጀምሮ፣ በቅደም ተከተሉ፣ ስንት እርምጃ እንደነበረና ስንት ጊዜ እንደወረወርኩ። ስጨርስ ከኋላዋ ሴቶች ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

«አንተ የት ነበርክ?»

«ቤት። ኮሌታ እየፈታሁ።»

«ጠሞ ነበር?»

«ግማሽ ሴንቲ።»

ጉብታው ላይ ነፋስ ነበር፤ ስልኩን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

«መጥቼ ልውሰዳት መሰለኝ» አለች።

እህቴ ከሦስት ሴቶች ጋር በአንዲት ክፍል ነው የምትኖረው። ፈረቃዋ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ነው። ልጅቷን የምታስቀምጥበት ቦታም፣ የሚይዝላት ሰውም እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ይህን አላልኳትም። የማለት መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

«እንዳልሽ» አልኩ።

«ጾሙ ይፈታና እነግርሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ወንዙ ዳር ዋልኩ። መርፌና ክር፣ ቁልፍ የሚተከልበትና ጫፉ የሚታጠፍ ልብስ በከረጢት ይዤ እወርዳለሁ። ሽማግሌው በቅሏቸውን እዚያው አምጥተው ያስራሉ። አንዳንዴ እንነጋገራለን፤ አብዛኛውን ጊዜ እሳቸው ይተኛሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። ጉሙ መጥቶ ሁለታችንንም ይሸፍነንና በቅሎዋ ስታኝክ ብቻ እንሰማለን። ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሴው ዜማ ይመጣል፤ ነፋሱ ሲዞር ይቋረጥና ቃሉ መካከል ላይ ይመለሳል። ውኃውን ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው ማለት እችላለሁ። ከዚያ በፊት ቁጥሩን ነበር የማየው። ጠዋት የሚያልፈው ውኃና ከሰዓት የሚያልፈው በድምፅ ይለያያሉ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ በደብተር ልጽፈው ሞክሬ የሚጻፍ ነገር አጣሁ።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጆቹ ከቅዳሴ ወጥተው አጠገቤ ተደረደሩ፤ ትልቋም ያን ቀን ቆርባ ስለነበር አምስቱም አፋቸውን ሸፍነዋል። ውኃው ጥርት ያለ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። ጉልበት ቀርቶ ባት አይደርስም። ትንሿን ላዝል ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ቀና አልኩ። የሆነ ነገር ሸተተኝ፤ ወይም የሸተተኝ መሰለኝ። ከጓሳ በላይ ያለው ሰማይ ልክ እንደ ቆርቆሮ ነበር።

«ቁጭ በሉ» አልኳቸው።

አምስት ጥንድ ዓይን ውኃውን አየ፤ ከዚያ እኔን። ሽማግሌው አፍንጫቸውን አነሡ።

«እኔ ምንም አልሸተተኝም» አሉ።

«እኔም እርግጠኛ አይደለሁም አባባ።»

«እንግዲያስ ቁጭ በሉ» አሏቸው ልጆቹን፣ እሳቸውም ተቀመጡ።

ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ሞላ። ጉሙ ወርዶ ወጣ። ትንሿ ጭኔ ላይ ተኛች፤ ነጠላዋ ከአፏ ወርዶ እንደገና አደረግሁላት። ሁለተኛው ሰዓት ላይ የትልቋ እናት በቤታችን በኩል ባለው ዳር ብቅ አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«ምን ትጠብቃለህ አንተ? ድመት የምትሻገረው ውኃ እኮ ነው!»

«ትንሽ እንይ እትዬ!»

«ምኑን ነው የምታየው? ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም! መስፋት ሲያቅትህ ወንዝ ጥበቃ ገባህ?»

ደራሽ አልመጣም። ውኃው እንዲያውም ጎደለ። ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንድ በአንድ አሻገርኳቸው፤ የማንም እግር አልነካም፤ ሴትየዋ ልጇን ከጀርባዬ ስትቀበለኝ ፊቷን አዞረችብኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። በመንገዱ ሁሉ ከፊት ከፊቴ እየሄደች ለሰሚው ሁሉ ተናገረችው።

ጾሙ በተፈታ ዕለት ስልኩ ሲጮህ ጉብታው ላይ ነበርኩ።

«ጎረቤታችን ደውላልኝ ነበር» አለች እህቴ። «ወንድምሽ ሰነፈ ወይስ አበደ አለችኝ። በደረቅ ወንዝ ዳር ከሁለት ሰዓት በላይ አስቀምጦ ልጆቻችንን በረኃብ ፈጃቸው አለች።»

«እውነቷን ነው።»

«ውኃው የት ድረስ ነበር?»

«አልለካሁትም። ብቻ የሸተተኝ መሰለኝ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«እንግዲያስ እዚያው ትቆይ» አለችኝ።